ከባዱን ትምህርት ልተወው ወይስ ልቀጥል? ከመወሰናችሁ በፊት የምታደርጉት

«ቲቸር፣ ኬሚስትሪን ልተወው ነው።»

ኬሚስትሪ ስለማስተምር ይህ ነገር ለእኔ ይነገረኛል። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራንም ያንኑ ይሰማሉ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የፈተና ወረቀት በተመለሰ ማግስት ነው። አንዱ ወረቀቱን አጣጥፎ በእጁ ጨብጦታል፤ ሌላዋ ስታለቅስ አድራለች። ውሳኔው አልቋል፤ ወደ እኔ የሚመጡት እሺ እንድላቸው ብቻ ነው። የምመልስላቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መተው ትችላላችሁ፤ ዛሬ ግን አይደለም።

መተው ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ትተው የተሻላቸው፣ ፊታቸው የፈካ ተማሪዎች አይቻለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ለመተው ሲነሱ ምኑ እንዳቃታቸው ለይተው አያውቁም። «አይገባኝም» ይላሉ፤ የቱ እንደማይገባቸው ስጠይቃቸው «ሁሉም» ይሉኛል። ሁሉም የሆነበት ተማሪ ግን እስካሁን ብዙም አልገጠመኝም።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ከታች ያሉትን ነገሮች አድርጉ። ሁሉንም ለማድረግ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይበቃል። ትምህርት ቤታችሁ ያን ያህል ጊዜ ካልሰጣችሁ ቢያንስ የመጀመሪያውን አትዝለሉት።

የፈተና ወረቀታችሁን አውጡ

በዚያ ትምህርት የወሰዳችኋቸውን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ፈተናዎች ፈልጉ። በንዴት የጣላችሁት ካለ መምህሩን ጠይቁ፤ ወረቀቱ ባይኖር ጥያቄው ይኖረዋል። ላይ የተጻፈውን ማርክ እርሱት። የምንፈልገው ኤክስ የተደረገባቸውን ጥያቄዎች ነው። በእያንዳንዱ ኤክስ አጠገብ ለምን እንደተሳሳታችሁ በአጭሩ ጻፉ። ትምህርቱ አልገባኝም። አውቀው ነበር፣ ጠፋብኝ። ስሌት ተሳሳትኩ። ጥያቄው ምን እንደሚል አልገባኝም። ሰዓት አለቀብኝ። አብዛኛው ስህተት ከነዚህ በአንዱ ይገባል።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ልጅ ላሳያችሁ። ሞል የሚባለው፣ አቶሞችና ሞለኪውሎች የሚቆጠሩበት መለኪያ የሚሰጥበት ምዕራፍ ላይ ከአንድ ጥያቄ በቀር ሁሉንም ስቷል። ኬሚስትሪ በቃኝ ብሎ ነው የመጣው። ወረቀቱን አብረን ገለጥነው። ጥያቄው «36 ግራም ውሃ ስንት ሞል ነው?» ይላል። ልጁ የውሃ አንድ ሞል 18 ግራም እንደሚመዝን ያውቃል። ለሁለቱ ሃይድሮጅን 2፣ ለኦክስጅን 16 ብሎ ደምሮ ጥግ ላይ ጽፎታል። እስከዚህ ድረስ አንድም ስህተት የለም። ከዚያ 36ን በ18 አባዛና 648 ሞል ብሎ መለሰ።

«ለምን አባዛኸው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ አንዳንዴ ይባዛል፣ አንዳንዴ ይካፈላል። የቱ መቼ እንደሆነ ስለማላውቅ እገምታለሁ።»

ኬሚስትሪውን ወደ ጎን ተውኩት። «አንድ ደርዘን 12 ነው። 36 እርሳስ ስንት ደርዘን ይሆናል?» አልኩት። ወዲያው «ሦስት» አለ። እንዴት እንዳገኘው ስጠይቀው ግን ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ወረቀቱን እያየ፣ «አካፈልኩት» አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው እስክሪብቶውን አነሳና 648ን ሰርዞ 2 ብሎ ጻፈ።

ይህ ልጅ ኬሚስትሪውን ያውቀዋል። የጎደለው ታችኛው ክፍል ላይ የታለፈ የሬሾ ትምህርት ነው። ኬሚስትሪን ቢተው ኖሮ ያው ክፍተት ፊዚክስ ላይ፣ ጂኦግራፊ ላይ የካርታ ስኬል ሲመጣ፣ ኢኮኖሚክስ ላይ ፐርሰንት ሲሰላ ይጠብቀው ነበር።

እናንተም ኤክሶቻችሁን ቁጠሩ። «ስሌት» የሚለው ከበዛ ችግሩ የሒሳብ መሠረት ነው፤ ትምህርቱን መተው አያድነውም። «ጥያቄው አልገባኝም» ከበዛ የምትማሩበትን ቋንቋ ማጠናከር አለባችሁ። የየምዕራፉን ቁልፍ ቃላት በራሳችሁ ቋንቋ ትርጉማቸውን ጽፋችሁ ያዙ። «ሰዓት አለቀብኝ» ከሆነ ትምህርቱን ታውቁታላችሁ ማለት ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ ጥያቄ መሥራት ብቻ ነው የቀራችሁ። «አልገባኝም» የሚለው በአንድ ሁለት ምዕራፍ ከተከመረ እነዚያን ምዕራፎች ብቻ እንደገና ተማሩ። በሁሉም ምዕራፍ እኩል ከተበተነ ግን ትምህርቱ ራሱ ከብዷችኋል። ያኔ ስለ መተው የምር መነጋገር እንችላለን።

ከትምህርቱ ውጭ ያለ ምክንያት

ሰሌዳው ይታያችኋል? የምሬን ነው። ከኋላ ተቀምጠው 3ን 8 ብለው የሚገለብጡ ልጆች አጋጥመውኛል። ገልብጠው ይሠራሉ፣ መልሱ አይመጣም፣ ሒሳብ አይሆነኝም ብለው ይደመድማሉ። ዓይን መታየት ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ነገር ነው። አድርጉት።

እንቅልፍስ? የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ስልክ ሲነካካ ያመሸ ልጅ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የተማረው ነገር የለም። ከባድ የሚባለው ትምህርት የጠዋቱ የመጀመሪያ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ይላከካል።

ስለ መምህሩም እንነጋገር። እኔም መምህር ነኝ፤ ቢሆንም እውነቱን መናገር አለብኝ። ተማሪ በመምህሩ ምክንያት ትምህርቱን የሚጠላበት ጊዜ አለ። እየሮጠ የሚያስረዳ አለ፤ ሲጠየቅ የሚቆጣ አለ፤ ልጅን በጓደኞቹ ፊት የሚያሸማቅቅም አለ። ይህ ያማል፤ ልክም አይደለም። መምህሩ ግን ብዙ ጊዜ ከእናንተ ጋር የሚቆየው ለአንድ ዓመት ነው፤ የተዋችሁት ትምህርት ጣጣ ከዚያ በላይ ይከተላችኋል። ስለዚህ ከመተዋችሁ በፊት ያንኑ ምዕራፍ ከሌላ ሰው አፍ ስሙት። ሌላ ሴክሽን የሚያስተምር መምህር፣ ከእናንተ አንድ ክፍል ከፍ ያለ ተማሪ፣ ወይም በነጻ የሚገኙ እንደ ካን አካዳሚ ያሉ ቪዲዮዎች። በሌላ ሰው ሲነገር ከገባችሁ ችግሩ የት እንደነበር አወቃችሁ።

ከልጅነታችሁ ጀምሮ ቁጥር የሚምታታባችሁ ከሆነ፣ የግድግዳ ሰዓት ማንበብ ወይም የገንዘብ መልስ መቁጠር እስካሁን የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ዲስካልኩሊያ የሚባለው ሊሆን ይችላል። በንባብ በኩል ያለው ዲስሌክሲያ ይባላል። ሁለቱም ከጉብዝናና ከስንፍና ጋር ግንኙነት የላቸውም። በባለሙያ ይለያሉ፤ በብዙ አገሮችም እንዲህ ያለ ተማሪ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ሊፈቀድለት ይችላል። ይህ ሳይታወቅ ትምህርት ማስተው ልጁን መበደል ነው።

«ጠፋብኝ» ለሚሉት

«ስድስት ሰዓት አጥንቼ ፈተና ላይ ጠፋብኝ» የሚሉኝን ልጆች አምናቸዋለሁ። ስድስት ሰዓት ተቀምጠዋል። ግን ምን ሲያደርጉ? ኖት ሲያነቡ። ደግመው ሲያነቡ። በቀለም ሲያሰምሩ።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። አንዱ ወገን ደግሞ አነበበው። ሌላው ወገን ጽሑፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሁለት ቀንና ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። ፈተና የሚመጣው ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ገጽ አንብቡ፣ ደብተሩን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ፣ ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሒሳብና በፊዚክስ ደግሞ መጽሐፉ የሠራውን ምሳሌ መልሱን ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት። የተሠራውን ማየት ገብቶኛል ያሰኛል፤ መግባቱን የሚያረጋግጠው ግን ራሳችሁ ስትሠሩት ነው። መጀመሪያ ያናድዳል፤ ምንም የማታውቁ ይመስላችኋል። ያን ንዴት ቻሉት።

ስትተዉት የሚዘጋው በር

ኢንጂነሪንግ ያለ ሒሳብና ፊዚክስ አይሆንም። ሕክምናና ፋርማሲ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት ሌላው ነው። ኢኮኖሚክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካልኩለስ ያስተምራል። ኮምፒውተር ሳይንስ ኮድ መጻፍ ብቻ የሚመስላቸው ዲስክሪት ሒሳብ ይጠብቃቸዋል። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ውስጥ ስታትስቲክስ አለ። ከቁጥር ሸሽቶ ሳይኮሎጂ የገባ ልጅ እዚያው ከቁጥር ጋር ይፋጠጣል፤ ያኔ ደግሞ የሚያስረዳው የሁለተኛ ደረጃ መምህር አጠገቡ የለም። በሌላ በኩል ሕግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ቋንቋና ታሪክ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቁም።

ወረቀት ውሰዱና ልትሠሩ የምትፈልጉትን ሦስት ሙያ ጻፉ። በየሙያው ልትገቡበት የምትችሉትን ተቋም የመግቢያ መስፈርት ከራሱ ከተቋሙ አንብቡ። ከጓደኛ የሰማችሁት አይበቃም፤ «አጎቴ ነገረኝ»ም አይበቃም፤ መስፈርት ይቀየራል። ከዚያ ልትተዉት ያሰባችሁት ትምህርት በሦስቱ ሙያዎች አጠገብ የግድ ነው፣ ቢኖር ይመረጣል፣ ወይስ አያስፈልግም ብላችሁ ጻፉ። ሦስቱም ላይ የግድ ከሆነ መተው ማለት ሙያውን መተው ነው። ይህን እያወቃችሁ መወሰን ትችላላችሁ፤ ሳታውቁ ግን አትወስኑ።

ምን መሆን እንደምትፈልጉ ገና ካላወቃችሁ ችግር የለም፤ በዚህ ዕድሜ ያወቁት ጥቂቶች ናቸው። እንደዚያ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ሌላ መተው ካለባችሁ ተዉ፤ ሒሳብን ግን እስከቻላችሁ ያዙት። ከሁሉም ብዙ በር የሚዘጋው እሱ ነው።

የመተው ሕጉ ራሱ በየሥርዓቱ ይለያያል። በእንግሊዝ ተማሪዎች እስከ 16 ዓመታቸው ሒሳብና እንግሊዝኛ የግድ ይማራሉ፤ ከዚያ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ለሚወሰደው ለኤ ሌቭል አብዛኞቹ ሦስት ትምህርት ብቻ ይመርጣሉ። በብዙ አገሮች በሚሰጠው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ በኢንተርናሽናል ባካሎሬት ዲፕሎማ፣ ስድስት ትምህርት ይወሰዳል፤ የትኛው በከፍተኛ፣ የትኛው በመደበኛ ደረጃ እንደሚሆን ተማሪው ይመርጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪው አንድን ትምህርት ነጥሎ አይተውም፤ 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል፤ ሒሳብ ግን ሁለቱም ጋ አለ። ከሒሳብ ለማምለጥ ብቻ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚመርጥ ልጅ ይህን ቀድሞ ይወቅ።

አምስት ሳምንት ስጡት

አሁን የምትሞክሩት ነገር አላችሁ። ኤክሶቹ የነገሯችሁን ክፍተት ይዛችሁ አምስት ሳምንት ሥሩበት። በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ከዚያ በላይ አታድርጉት፤ ሌሎቹ ትምህርቶች ይጎዳሉ፤ እናንተም ትሰለቻላችሁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ታች ክፍል ውረዱ። የ8ኛ ወይም የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ አንሱ። ይህን ስል የሚከፉ ልጆች አሉ። «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ?» ይላሉ። አዎ። ማንም አያያችሁም፤ ደግሞ ታች ያለው በፍጥነት ነው የሚገባችሁ፤ ከዚያን ጊዜ ይልቅ አሁን በስላችኋል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ክፍላችሁ ትምህርት ተመለሱ። በሳምንት አንድ ቀን መምህራችሁን ያዙት። «አልገባኝም» ብላችሁ ከሄዳችሁ መምህሩ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የሠራችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፣ «እዚህ መስመር ላይ ነው የቆምኩት» በሉት። በአምስት ደቂቃ ይፈታላችኋል። እኔ እንዲህ ብሎ የመጣ ልጅን ሻይ ሰዓቴ ላይም ቢሆን አልመልስም።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከድሮዎቹ ፈተናዎች ጋር የሚመሳሰሉ ጥያቄዎች ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። የክፍሉን ማርክ አትጠብቁ፤ እሱ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። የምታዩት ኤክሶቹ መቀነሳቸውንና ምክንያታቸው መቀየሩን ነው። «አልገባኝም» የነበረው «ስሌት ተሳሳትኩ» ከሆነ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቀጥሉ።

አንድ ነገር ግን አምስት ሳምንት አይጠብቅም። ፈተና ሲደርስ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ፣ ምግብ ካልበላችሁ፣ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ወይም መኖር ራሱ ካስጠላችሁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ተናገሩ። ወላጅ፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ሐኪም፣ ማንም ይሁን። የትምህርቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ተዉት የምለው መቼ ነው?

ሠርታችሁ ካልተንቀሳቀሰ፣ ትምህርቱ የምትፈልጉትን በር ካልዘጋ፣ እሱ የሚበላው ሰዓት ደግሞ የምትችሏቸውን ትምህርቶች እየጎተተ ከሆነ፣ ተዉት። ሦስቱም ሲገናኙ ማለቴ ነው። ሕግ ማጥናት የምትፈልግ ልጅ ነበረችኝ። የማታ ሰዓቷን ሁሉ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ይወስዱት ነበር። ታሪክና እንግሊዝኛ፣ የምትወዳቸው፣ እያቆለቆሉ መጡ። ሞክራለች፤ ደብተሯን አይቻለሁ፤ የቀረ ነገር አልነበረም። «የኔን ትምህርት ልቀቂ» ያልኳት እኔው ራሴ ነኝ።

ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ለመተው ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ አንዱን ብቻ ተዉ። የአንዱ ሸክም ሲወርድ ሌላው ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀልላል።

ወላጅና ትምህርት ቤት

ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት እነዚህን በግልጽ ጠይቁ። የመተዊያው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? ትራንስክሪፕት ላይ እንዴት ይጻፋል? ለመመረቅ ስንት ትምህርት ያስፈልጋል? ሳልተወው ወደ ቀለለ ደረጃ ዝቅ ማለት ይቻላል? በሚቀጥለው ዓመት መመለስ ይፈቀዳል? መልሱን ከአንድ ሰው ቃል ብቻ አትያዙ፤ በጽሑፍ ካለ ተቀበሉ።

ወላጅ ዘንድ ስትሄዱ ከወሰናችሁ በኋላ አትሂዱ። ውጤት በተመለሰበት ምሽትም አትጀምሩት። አባት ወይም እናት የሚቆጡት አብዛኛውን ጊዜ ፈርተው ነው፤ ልጄ ከዚህ ትምህርት ጋር አብሮ ዕድሉን ጣለ ብለው ይሰጋሉ። ስለዚህ ወረቀቶቹን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ኤክሶቹን አሳዩአቸው፤ አምስቱን ሳምንት ምን እንደሠራችሁ ንገሯቸው፤ የሦስቱን ሙያዎች መስፈርት አሳዩ። «ደከመኝ» ስትሉ የሚከራከራችሁ ሰው ይህን ሲያይ ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል። መልስ ያጣችሁበት ጥያቄ ካለ ጻፉት፤ ምናልባት ያላሰባችሁት እሱ ነው። እሺ ካላሉ አንድ መምህር አብሯችሁ እንዲያነጋግራቸው ጠይቁ፤ እኔ ስጠየቅ እሄዳለሁ።

ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ነጻ የወጣውን ሰዓት በዚያው ሳምንት ስም ስጡት። ሰኞና ረቡዕ ለእንግሊዝኛ፣ ሐሙስ ለሒሳብ ብላችሁ ፕሮግራማችሁ ላይ ጻፉ። ካልተጻፈ ስልክ ይወስደዋል። የተዋችሁትን ትምህርት ደብተርና መጽሐፍ ግን ቢያንስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አስቀምጡት፤ ሐሳብ የቀየሩ ልጆች መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።